ሰፈሩን በነፃ ያበላሸ ሰው

ቀለም ቀቢው ሰፈሩን በሁለት ጣሳ ቀለም ሸጦታል ይባላል። የማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ክፍል ሰዎች በጎን ጠርተው፣ «እንካ ሁለት ጣሳ፤ ሰፈሩን ቀባብተህ አሳምረውና ከእድሳቱ ዝርዝር ይውጣልን» አሉት፤ እሱም እሺ ብሎ አርባ አባወራ ጉድ ሠራ ይባላል። ወሬውን መጀመሪያ ማን እንዳወራው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አዋላጇ ናት። ግማሹን የሰፈሩን ልጅ በእጇ የተቀበለች ሴት ናት፤ ወሬንም የምትይዘው እንደ ሕፃን ነው። ገልብጣ ቂጡን መታ ታደርገዋለች፣ ሲጮኽላት አቅፋ ለጎረቤት ታሳየዋለች።

ወሬው ጆሮው ሲደርስ ቀለም ቀቢው ክፉኛ ተቆጣ። የተቆጣው ግን ሻጭ በመባሉ አልነበረም፤ በጣሳው ቁጥር ነው።

«ሁለት ጣሳ?» አለ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ። «ለአርባ ቤት ሁለት ጣሳ? ይሄን ሁሉ ዘመን አብሬያችሁ ኖሬ አንድ ጣሳ ስንት ግድግዳ እንደሚሸፍን እንኳ አልተማራችሁም? ሁለት ጣሳ የትምህርት ቤት ዳይሬክተሩን ሳሎን አይችልም! ያ ግድግዳ ቀለም የሚጠጣው እንደ ግመል ነው!»

ስለዚህ እውነቱ ይስተካከል። ሰፈሩን አልሸጠም። አንድ ጣሳም ከማንም አልተቀበለም። በነፃ ነው ያበላሸው። ይህን የሚለው ደግሞ ጠላቱ ሳይሆን እሱ ራሱ ነው፤ የሚሰማው ካገኘ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይተርከዋል፣ ሰሚው ሳይስቅ እሱ ቀድሞ ይስቃል።

የሰፈሩ ሰው «ሁለተኛ ቅብ» ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙ የወጣለት በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ያኔ ከከተማው ዳር፣ ኮረብታው ጎን ላይ፣ አንድ ፋብሪካ ለሠራተኞቹ አርባ ቤት አሠርቶ ነበር። አራት ረድፍ፣ በየረድፉ ዐሥር ቤት፣ እንደ ስታዲየም መቀመጫ አንዱ ካንዱ በላይ የተደረደረ። አርባውም አንድ ዓይነት፣ ቀለማቸውም አንድ፤ ፋብሪካው ለማሽኖቹ ከገዛው የተረፈ፣ ግራጫ ይሁን አረንጓዴ ያልወሰነ ቀለም። ቀቢው ሥራ ፍለጋ መጥቶ ብሩሽ ያዘ። ሠላሳ ዘጠኙን ቤት በደህና ጨረሰ። አርባኛው፣ ከላይኛው ረድፍ ጫፍ ያለው ቤት ጋ ሲደርስ ግን እጁ ከበሩ አልላቀቅ አለው። ከውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ይንጫጫል፤ ከመኪናው ኋላ አንዲት ልጅ ሁለት ስፒል በከንፈሯ ይዛ ተቀምጣለች። በሩን አንድ ቀን ቀባው። በማግሥቱም ቀባው። በአራተኛው ቀን አባትየው ወጡ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ በር ምን ሆኖ ነው በየቀኑ የሚቀባው?»

«ሁለተኛ ቅብ ነው፣ አባቴ።»

«ትናንትናስ ምን ነበር?»

«ትናንትም ሁለተኛ ነበር።»

ልጅቷ ከውስጥ ስትስቅ ስፒሎቹ ከአፏ ወደቁ። እነሱን ለመልቀም ገብቶ ጎንበስ እንዳለ እዚያው ቀረ፤ አግብቷት፣ ወልዶ፣ አማቶቹን ቀብሮ፣ በዚያው ቤት አረጀ። «እኔን የዳሩኝ አባቷ አይደሉም፣ በሩ ነው» ይላል። «እስከ ዛሬ ሲዘጋ ይጣበቃል።»

በሩ ብቻ አይደለም፣ ሰፈሩም አብሮት አረጀ። ፋብሪካው ተዘጋ። ልጆች አድገው መሃል ከተማ ፎቅ ተከራዩ። የፍሳሽ ቧንቧው በስብሶ የታችኛውን ረድፍ ግድግዳ ከሥሩ ያርሰው ጀመር፤ ኮረብታው በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ የላይኛውን ረድፍ ይሰነጥቀው ጀመር። ከሁሉ የከፋው ግን ደረጃው ነው። ላይኛው ረድፍ የሚደረሰው በሃምሳ ሁለት ደረጃ ነው፤ ለመኪና መግቢያ የለውም። ቤቶቹን የነደፈው መሐንዲስ ሰው የሚባል ፍጡር እንደሚያረጅ የሰማ አይመስልም። ያኔ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ይወጡት የነበሩ ጎረምሶች ዛሬ በየዐሥሩ ደረጃ ቆም ብለው ወደ ከተማው ዞረው፣ «እይታው ግን እንዴት ደስ ይላል!» ይላሉ። እይታውን አርባ ስምንት ዓመት አይተውታል። የሚሰበስቡት ትንፋሽ ነው።

የቀቢው ሚስት ጉልበቷ የከዳት በዚህ ደረጃ ላይ ነው። አንድ ጠዋት መታጠፍ እምቢ አላት። ሐኪም ቤት ለማድረስ አራት ሰዎች የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር ከነእሷ አንስተው አወረዷት። ባልዋ ከፊት ከፊት እየሄደ፣ «በቀኝ! በቀኝ! ግድግዳውን እንዳትፍቁብኝ!» ሲል፣ ከወንበሩ ላይ ሆና፣ «የምታወርዱት እኔን ነው ግድግዳውን?» አለች። ሳቁ። ከሐኪም ቤት ተመልሳ በዚያው ወንበር ሃምሳ ሁለቱን ደረጃ ስትወጣ ግን የሳቀ አልነበረም፤ አንዱ ተሸካሚ መሃል ላይ ተንሸራቶ ለትንሽ ነው ያልለቀቃት።

መስኮቷ ሥር፣ ስፌት መኪናዋ ጋ ስትቀመጥ ባልዋን ጠራችው።

«ስማኝ አንተ ሰውዬ። እንደ ቁም ሳጥን አወረዱኝ፣ እንደ ቁም ሳጥን አወጡኝ። ሁለተኛ በወንበር አልወርድም። ከዚህ የምወርደው ወይ መኪና ደጄ መጥቶ ነው፣ ወይ በሬሳ ሣጥን ነው።»

«ሣጥኑን ማን ይቀባዋል?» አለ ሊያስቃት። አላሳቃትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓለሟ ያቺ መስኮት ሆነች። ታች ያለው ሱቅ፣ ታች ያለችው እህቷ፣ ታች ያሉት ደንበኞቿ ሁሉ ሃምሳ ሁለት ደረጃ ርቀት ላይ ቀሩ።

በሦስተኛው ወር ከማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ጡረታ የወጣው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ ሰውን በመጫወቻ ሜዳው ሰብስቦ፣ ወረቀቱን ከዓይኑ አርቆ ይዞ አነበበው። ከተማው ዳር ዳር ያሉትን አሮጌ ሰፈሮች ሊያድስ ነው። አዲስ የፍሳሽ መስመር ይዘረጋል፣ ኮረብታው በድጋፍ ግንብ ይያዛል፣ በየረድፉ መኪና የሚያስወጣ መንገድ ይቆረጣል። ሰፈሮቹ አምስት ናቸው፤ አሁን የሚጀመሩት ሁለት ብቻ፣ የቀሩት ከዐሥር ዓመት በኋላ። የፕላን ባለሙያዎች መጥተው እያንዳንዱን ቤት ያያሉ፣ ለጉዳቱ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ጉዳቱ የበዛበት ይቀድማል።

«ገባችሁ አይደል?» አለ ዳይሬክተሩ መነጽሩን እያወለቀ። «እንደ ፈተና ነው፤ ብዙ የወደቀ ያልፋል።»

ሰፈሩ አጨበጨበ። በመውደቅ ማን ይደርስብናል! ቀቢው ሃምሳ ሁለቱን ደረጃ እይታ ሳያይ አንዴ ወጥቶት ቤቱ ገባ።

«መኪና… ደጅሽ… ሊመጣልሽ ነው!»

«መጀመሪያ ትንፋሽህ ይምጣልህ» አለች፤ ግን የስፌት መኪናዋን አቆመች። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ እንዲነግራት አደረገችው።

በማግሥቱ አዋላጇ መንገድ ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«ሁለተኛ ቅብ፣ አንዲት ነገር ላስቸግርህ። ያቺን የሳሎኔን ግድግዳ ታውቃታለህ።»

«እርጥበቱን?»

«ቀስ በል እንጂ፣ ሰው ይሰማል! እንግዳ ሊመጣብኝ ነው። በዚያ ግድግዳ ፊት እንዴት አድርጌ ነው ወንበር የምስበው?»

«እትዬ፣ እንግዶቹ እኮ የሚመጡት እርጥበቱን ሊያዩ ነው።»

«የሌላውን ይዩ! አርባ ቤት አለ አይደል? የኔ አንዷ ብትቀር ፕላን አይፈርስም። ቀለሙን ገዝቻለሁ። ለኔ ብቻ፣ ለማንም እንዳትናገር።»

ለማንም አልተናገረም። ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ መጣ። ኮቱን ቆልፏል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጓል። የሰብሳቢ ቤት ሆኖ ሳሎኑ እንዲህ ተልጦ ቢታይ ለሰፈሩም ክብር አይሆንም፣ ስለዚህ ለእሱ ብቻ። ከዚያ የታችኛው ረድፍ ባልቴት፣ ልጇ ከከተማ ሙሽራ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ለእሷ ብቻ። ከዚያ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን መጡ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው በጓሮ እየወጣ፣ ሁለቱም «ለኔ ብቻ»፣ ሁለቱም ስለ ሌላኛው ግድግዳ እያሙ። አንዱም ባለጌ አልነበረም። ሁሉም እድሳቱን ከልቡ ይፈልገዋል፤ ሁሉም ጎረቤቱ ገበናውን ገልጦ እንዲያሳይለት ነው የጠበቀው።

ድምሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ደስ ብሎት ነበር።

እዚህ ላይ ራሱን አይምርም። «ሦስት ዓመት ሙሉ በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም» ይላል። «የቀለም ሮለሬ ደርቆ የበቆሎ ቆረቆንዳ መስሎ ነበር። ሰው 'ባለሙያው አንተ ነህ' ሲለኝ ዐሥር ዓመት ይቀንስልኛል። ቢለምኑኝ ኖሮ የጎርፉን ውሃ ራሱን እቀባላቸው ነበር።» ቀባ። ስንጥቁን በስቱኮ ሞላ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፣ እርጥቡን ግድግዳ በዘይት ቀለም አፈነ። የዘይት ቀለም እርጥበትን ሦስት ወር ያህል አፍኖ እንደሚይዝ፣ ከዚያ እንደ ፊኛ እንደሚነፋ ያውቃል። ባለሙያዎቹ የሚመጡት በአምስት ሳምንት ነው። በየቤቱ ሲጨርስ እጁን አጣጥፎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ ጭንቅላቱን ያጋድላል፣ «እንዲህ ነው እንጂ» ይላል።

አንድ ማታ ከራት በፊት ዓይኑ የራሱ ቤት ግድግዳ ላይ አረፈ። ከመስኮቱ ጥግ እስከ ኮርኒሱ የወጣ ስንጥቅ ነው። ሚስቱ ክረምት በወጣ ቁጥር ስንጥቁን በስፌት ሜትሯ ትለካዋለች፤ እስከዚያ ዓመት የደረሰበት ላይ በእርሳስ ታሰምራለች። ዐሥራ አንድ መስመር ነበር፣ አንዱ ካንዱ እየራቀ።

«የኛንስ ምናለበት በቀጭኑ…» አለ።

«ብትነካው ጣትህን ከቀሚስ ጋ ነው የምሰፋልህ።» ቀና አለች። «ለመሆኑ ስንት ቤት ቀባህ?»

«ኧረ ጥቂት ነው።»

«ጥቂት ስንት ነው?»

«ሦስት… አራት ቢሆን ነው።»

ሠላሳ አንድ ነበር።

ይህ ሁሉ ይቅር ይባል። ባለሙያዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ያደረገውን ግን ሲያወራ እሱም ራሱን ይይዛል። ከሃምሳ ሁለቱ ደረጃ ዘጠኙ ተሸርፈዋል። የምትመጣው የፕላን ባለሙያ ወጣት ሴት ናት ተብሎ ተወርቷል። «ልጅቷ ብትወድቅብንስ?» አለና ሲሚንቶ አቡክቶ ዘጠኙንም ሞላ፤ አላስችል ብሎት የየደረጃውን ጠርዝ በነጭ ቀለም አሰመረ።

መጡ። ልጅቷ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር፣ ታብሌት ይዛ፣ ቤት ለቤት ዞረች። በየቤቱ ባለቤቱ ፈገግ ብሎ ይቀበላታል፤ የቆመው ግን መጥፎው ግድግዳ ፊት ነው። መዳፏን ግድግዳው ላይ ታሳርፋለች፣ ትጽፋለች፣ ትወጣለች። ቀቢው ከኋላ ከኋላ ይከተላል፣ እንደ ሙሽራ አባት ደረቱን ነፍቶ። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ደረጃው ጥሩ ነው። በቅርብ የታደሰ ይመስላል።»

«አመሰግናለሁ» አለ ቀቢው።

አዎ፣ አመሰግናለሁ አለ። ይቺን ቃል ሲያስታውስ እስከ ዛሬ ግንባሩን ይመታል።

መጨረሻ የደረሱት አርባኛው ቤት ነው፤ የተሰነጠቀ፣ የተላጠ፣ ግድግዳው በእርሳስ የተጫጫረ። ልጅቷ ሌሎቹን ቤቶች ዞራ አየች፣ ይህን አየች።

«የዚህ ቤት ባለቤት ምን ይሠራሉ?»

«ቀለም ቀቢ!» አለ ዳይሬክተሩ፣ አብሯቸው የወጣው ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጅቷም ከንፈሯን ነክሳ ጻፈች።

ውጤቱ በወሩ ተለጠፈ። ከአምስቱ ሰፈር አምስተኛ፤ «በጥሩ ይዞታ ላይ የሚገኝ፣ ለዐሥር ዓመት ያለ እድሳት ሊቆይ የሚችል»። ከሥሩ የአርባው ቤት ዝርዝር ነበር። በአርባኛው መስመር ላይ፣ «ጉዳቱ ከባለቤቱ ቸልተኝነት የመጣ» ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሰፈሩ ግን ያችን መስመር አንብቦ ለመሳቅ እንኳ አቅም አላገኘም። ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ፤ ሁሉም የራሱን ግድግዳ አየ፤ ሁሉም «የኔ አንዷ ብቻ እኮ ናት፣ ታዲያ የሌላው የት ሄደ?» አለ። በነጋታው አዋላጇ የሁለቱን ጣሳ ወሬ ወለደች።

ለሚስቱ ራሱ ነገራት። ቆሞ ነው የነገራት፣ ወንበር ላይ መቀመጥ አልሆነለትም።

«ዐሥር ዓመት» አለች።

«ዐሥር ዓመት።»

«ሦስት አራት ቤት ነው አላልክም?»

«ሠላሳ አንድ።»

የስፌት መኪናዋን መርገጫ ለቀቀችው። መንኮራኩሩ ትንሽ ዞሮ ቆመ።

«ሠላሳ አንድ ሰው መጥቶ 'ለኔ ብቻ' ሲልህ፣ አንተ የኔ የምትለው አንድ ሰው አልነበረህም?»

ሁለት ቀን አላናገረችው። እሱ ደግሞ ዝምታን የሚሸፍን ቀለም እስካሁን አልተሠራም ይላል።

በሦስተኛው ቀን ፕላን ክፍል ሄደ። የአቤቱታው ጊዜ ዐሥራ አራት ቀን ነበር። ልጅቷ ከጠረጴዛዋ ተነሥታ ወንበር ሰጠችው።

«አባባ፣ አቤቱታ ማስረጃ ይፈልጋል። የድሮ ፎቶ አለ?»

«ግድግዳውን ፎቶ የሚያነሣ ማን አለ ልጄ? ማስረጃው እኔ ሥር ነው ያለው።»

«እርስዎ ሥር?»

«ቀለሜ ሥር። ቀቢውም ደባቂውም እኔ ነኝ። እዚያ ወረቀት ላይ 'ጥሩ ይዞታ' ያልሽው ሰፈሩን አይደለም፣ የኔን እጅ ነው። ስለ አድናቆቱ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ነይና ልፋቅልሽ።»

ልጅቷ ታብሌቷን አነሣች። ከዚያ ጠፍጣፋ ጫማዋን አደረገች።

የጀመረው ከአዋላጇ ነው። የመፋቂያ ስፓቱላውን ግድግዳው ላይ ሲያሳርፍ ሴትዮዋ እሪ አለች።

«እንዴ! ሰው ፊት ልታራቁተኝ ነው?»

«እርስዎን አይደለም እትዬ፣ ራሴን ነው።» ፋቀ። «ይሄውልሽ ልጄ፣ ይሄ እኔ ነኝ። ይሄኛውም እኔ ነኝ፣ ሁለተኛ ቅብ። ይሄ ነጩ ስቱኮ ነው፣ እሱም እኔ ነኝ። ይሄ ደግሞ…» ጣቱን ሲጭነው እስከ መገጣጠሚያው ገባ፤ ሲያወጣው ጭቃ ነበር። «ይሄ ግድግዳው ነው።»

ልጅቷ ፎቶ አነሣች። አዋላጇ ጣቱን አየች፣ ቀዳዳውን አየች፤ ወንበሩን ከግድግዳው ፊት ራሷ አነሣችለት።

እንዲህ እያለ ከቤት ቤት ዞረ። ስንጥቁ የት ጋ እንዳለ አይፈልግም፤ «ከበሩ አንድ ክንድ ወደ ግራ፣ ከወለሉ እስከ ጉልበት» ይላል፣ ሲፋቅ እዚያው ይገኛል። ሰው እየሰደበው ነበር። አንዷ መጥረጊያ ይዛ ወጣች። አንዱ፣ «ደግሞ ለመፋቅ ስንት ጣሳ ሰጡህ?» አለው። ዳይሬክተሩማ በሩን ከውስጥ ቆለፈ።

«ዳይሬክተር፣ ክፈት።»

«የሰው ቤት ነው! ሕግ አለ!»

«ድሮ ተማሪ ሲያስኮርጅ ብትይዝ ምን ታደርገው ነበር?»

ከበሩ ኋላ፣ «አባርረው ነበር።»

«እንግዲህ ሰፈሩን ሙሉ ያስኮረጅኩት እኔ ነኝ። አባረኝ፤ መልስ ወረቀቱን ግን አስረክብ።»

ቁልፉ ዞረ። የዳይሬክተሩ ሳሎን ሲፋቅ ከስንጥቁ ውስጥ የውጪው ብርሃን ታየ። ዳይሬክተሩ ቀዳዳው ላይ ዓይኑን አድርጎ፣ «ይሄ ሁሉ ነበር እንዴ?» አለ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ስፓቱላ ጠየቀ። ከእሱ በኋላ በር የቆለፈ የለም።

ደረጃው ላይ በመዶሻ ሁለት ጊዜ መታ፤ የሞላው ሲሚንቶ ተገንጥሎ እየተንከባለለ ወረደ። «ሲሚንቶውም እንደ ቀቢው ነው» አለ፣ «ላይ ላዩን።» ከላይ ሲደርሱ ልጅቷ እይታ ሳታይ አልገባችም። ከዚያ አርባኛው ቤት ገብታ የእርሳስ መስመሮቹን፣ መጀመሪያ የልጅ ጭረት መስለዋት ያለፈቻቸውን፣ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ቆጠረች።

«ይሄን ማን ነው የለካው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሚስትየው፣ ስፒል በከንፈሯ ይዛ።

«መሐንዲስ ነዎት?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የኔ ልጅ። ሲለጠጥ ያየሁትን ሁሉ እለካለሁ።»

ልጅቷ ከቦርሳዋ የራሷን ሜትር አወጣች፤ ከዚያ መለሰችና፣ «የእርስዎን ይስጡኝ» አለች። ቀቢው ማዶ ቆሞ ነበር። በሠላሳ አንድ ግድግዳ የሸፈነውን፣ የሚስቱ እርሳስ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲናገር እንደኖረ ያኔ ነው የገባው፤ ኮረብታው እየሄደ ነው፣ ቤቱንም ይዞ።

ውሳኔው ሁለት ወር ፈጀ። ሰፈሩ ሁለተኛ ወጣ። «ስሜ ነው» አለ ቀቢው ሲሰማ።

ልጅቷ አዲሱን ንድፍ ልታሳይ ስትመጣ፣ ስብሰባው በመጫወቻ ሜዳው እንዳይሆን ጠየቀች፤ ንድፉን ሁሉም ማየት አለበት፣ መውረድ የማይችል ደግሞ አለ። ስለዚህ ሰፈሩ ወደ አርባኛው ቤት ደጅ ወጣ። በየዐሥሩ ደረጃ እይታ እያየ፣ እያለከለከ፣ ወጣ። ብዙዎቹ ያቺን ሴት በወንበር ከወጣችበት ቀን ወዲህ አላዩዋትም። ስምንት ወር። አዋላጇ ሳመቻትና፣ «ምነው ጠፋሽ?» አለቻት። «እኔማ የት እሄዳለሁ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ንድፉ ግድግዳው ላይ ተወጠረ። መንገዱ ከታች ተጠምዝዞ ወጥቶ መጀመሪያ የሚደርሰው ላይኛው ረድፍ ነው፤ ኮረብታው ስለሚንሸራተት ሥራው ከዚያ ይጀምራል፣ በሚቀጥለው ዓመት። ልጅቷ ቀዩን መስመር በጣቷ እየተከተለች ከአርባኛው ቤት ደጅ ስታቆም፣ ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ ደጇን አየች። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ በጣቶቿ ትጠቀልለው ጀመር፣ ትፈታዋለች፣ ትጠቀልለዋለች።

«ጥያቄ ያለው?» አለች ልጅቷ።

«ከታደሰ በኋላ የፊት ግድግዳው ምን ቀለም ነው?» አለ ከኋላ አንዱ።

በቃ። ባልቴቷ ክሬም አለች፣ ዳይሬክተሩ ለክብር ነጭ ነው አለ፣ አዋላጇ የሌላው ምንም ይሁን፣ የእሷ ግን ከጎረቤቷ የተለየ ይሁን አለች። ደጁ ገበያ ሆነ። ልጅቷ ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቀችና ወደ ቀቢው ዞረች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ላስተካክል። የእርስዎ ቤት መዝገብ ላይ 'ቸልተኝነት' ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ። ጥፋቱ የኮረብታው ነው። ዛሬ እሰርዘዋለሁ።»

ሰው ሊስቅ ተዘጋጀ፤ ሁለተኛ ቅብ መልስ አያጣም። እሱ ግን ሚስቱን አየ፣ የተጠቀለለውን ሜትር አየ፣ በጥፍሩ ሥር የቀረውን የሌላ ሰው ግድግዳ አየ።

«ተይው ልጄ፣ አትሰርዢው» አለ። «ሚስቴ እዚህ ላይ ተሰቅላ እኔ የሰው ግድግዳ ላይ ነበርኩ። ከዚህ የተሻለ ቃል ካለ ንገሪኝና እሱን ጻፊ።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን ይዛ ሌላ ቃል የሚያቀብላት ጠበቀች። ዳይሬክተሩ ሃያ ዓመት ቋንቋ ያስተማረ ሰው ነው፤ እሱም የተሻለ አላገኘም። አዋላጇም አላገኘችም። ልብስ ሰፊዋ እንኳ፣ ለሁሉም ነገር መልስ የማታጣው፣ ስፒሉን ከከንፈሯ አላወጣችም።